ሴንሰር ሲዋሽ እውነተኛው ልክ እንዴት ይገኛል? የአንባቢያን ጥያቄና የዝግጅት ክፍላችን መልስ

ለዚህ እትም ከጎጃም የደረሱን አራት ጥያቄዎች ጭብጣቸው አንድ ሆኖ ስላገኘነው በአንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ጭብጡም፣ በመለኪያ መሣሪያ ንባብ የሚመራ ማሽን ወይም ተቋም፣ ከመሣሪያዎቹ ጥቂቶቹ በብልሽት ወይም በተንኮል የሐሰት ቁጥር ሲሰጡ፣ ስለ ራሱ ትክክለኛ ሁኔታ እንዴት ሊያውቅ እንደሚችል ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ የተሠማራሁ የኤሌክትሮ መካኒካል ባለሙያ ነኝ። በአንድ ማጠራቀሚያ ጋን ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉን። በአንድ ወቅት አንደኛው 3.20 ሜትር፣ ሌላው 1.80 ሜትር ያነብቡ ነበር፤ የፓምፑ መቆጣጠሪያም የሁለቱን አማካይ ወስዶ መሥራቱን ቀጠለ። ያን ጊዜ የተገኘው ብልሽት ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ሆን ብሎ አንዱን ሴንሰር ቢያዛባው በምን እናውቀዋለን? ሦስተኛ ሴንሰር መግዛትስ ችግሩን ይፈታዋል?

መልስ፦ ጋኑን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ወለሉ 200 ካሬ ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 3.50 ሜትር ነው እንበል። ፓምፑ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ውኃ ያስገባል፣ ከተማው በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ይወስዳል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ 20 ሜትር ኩብ ይተርፋል፣ የውኃውም ከፍታ በየሰዓቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። የሁለቱ ንባቦች አማካይ 2.50 ሜትር ነው። በዚህ ቁጥር የሚመራ መቆጣጠሪያ ጋኑ እስኪሞላ ድረስ ዐሥር ሰዓት እንደሚቀረው አድርጎ ይሠራል። እውነተኛው ከፍታ 3.20 ከሆነ ግን ጋኑ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ መፍሰስ ይጀምራል፤ እውነተኛው 1.80 ከሆነ ደግሞ ለከተማው አለ ተብሎ የታሰበው ውኃ 140 ሜትር ኩብ ይጎድላል። አማካዩ የሁለቱም ሴንሰሮች ንባብ ያልደገፈው ከፍታ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ከሁለቱም ይልቅ እርሱ የከፋ ምርጫ ነው።

አማካይ መውሰድ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበውና ዛሬ ከመርከብ እስከ ሳተላይት የሚሠራበት የግምት ስልት ንባቦችን እንደየአስተማማኝነታቸው እየመዘነ ከሥርዓቱ የእንቅስቃሴ ሕግ ጋር ያዋሕዳቸዋል። ይህ ስልት የመለኪያ ስሕተት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚወላውልና በጊዜ ብዛት የሚጣፋ፣ መጠኑም አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። አጥቂ ግን ለዚህ ታሳቢ አይገዛም፤ የሚመቸውን ቁጥር በሚመቸው ሰዓት ያስገባል፣ አንድ ሴንሰር ብቻ በእጁ ቢገባም አማካዩን ወደፈለገው ስፍራ ሊጎትተው ይችላል።

ሁለት ሴንሰር ሲኖርዎ ውሸት መኖሩን ታውቃላችሁ፣ ውሸታሙን ግን አታውቁም። በድንበር ክርክር ሁለት ምስክሮች ቀርበው አንዱ ድንበሩ ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ ነው ቢሉ፣ ዳኛው አንደኛው መዋሸቱን ቢረዳም ከቃላቸው ብቻ ተነሥቶ ለመፍረድ እንደሚቸገር ማለት ነው። ተመሳሳይ ሴንሰሮችን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፦ አንድ ውሸት መኖሩን ለማወቅ ሁለት፣ አንዱን ውሸት ለይቶ ለመጣል ሦስት፣ ሁለት ውሸቶችን ለይቶ ለመጣል አምስት ያስፈልጋሉ። ሐምዛ ፋውዚ፣ ፓውሎ ታቡዋዳና ሱሃስ ዲጋቪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለተንቀሳቃሽ ሥርዓቶች አስፍተው፣ ከሴንሰሮቹ ግማሽና ከዚያ በላይ በአጥቂ እጅ ከገቡ ትክክለኛውን ሁኔታ መልሶ ማግኘት እንደማይቻል አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ሦስተኛ ሴንሰር ይገዛ ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ ከቁጥሩ በፊት ዓይነቱ መታየት አለበት ብለን እናምናለን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በጋኑ መግቢያና መውጫ ላይ ዐሥር የፍሰት ቆጣሪዎች ቢተክሉ ሴንሰሮችዎ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ። ሆኖም የፍሰት ቆጣሪ የሚነግርዎ ውኃው በሰዓት ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ነው እንጂ አሁን በስንት ሜትር ላይ እንዳለ አይደለም። አጥቂው ከአንደኛው የከፍታ ሴንሰር ላይ ሁልጊዜ 1.40 ሜትር ቢቀንስ፣ የተዛባው ንባብ ልክ እንደ እውነተኛው በሰዓት 10 ሳንቲ ሜትር ስለሚጨምር፣ ዐሥሩም ቆጣሪዎች ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ። ንባቡ በ1.80 ላይ ደርቆ ቢቀር ኖሮ ቆጣሪዎቹ ወዲያውኑ ባጋለጡት ነበር፤ እኩል እየተጓዘ የሚዋሸውን ግን ሊያጋልጡት አይችሉም።

ስለዚህ ትክክለኛው መመዘኛ የሚከተለው ነው። በአጥቂ እጅ ሊገቡ ይችላሉ ብለው የሚሰጉትን የሴንሰር ብዛት እጥፍ ያድርጉት፤ ያን ያህል ሴንሰሮችን፣ የትኞቹንም ቢሆን፣ በሐሳብዎ ነቅለው ያውጡ፤ የቀሩት ብቻቸውን የጋኑን ሁኔታ አሟልተው ሊነግሩዎ ከቻሉ ሥርዓቱ ውሸቱን ለይቶ መጣል ይችላል፤ በአንዱም አነቃቀል እንኳ ካልቻሉ ዋስትና የለም። እጥፍ የሚደረግበት ምክንያት ብዙ ሒሳብ አይጠይቅም። ሁለት የተለያዩ ታሪኮች፣ ለምሳሌ 3.20 እና 1.80፣ እኩል አሳማኝ ሆነው ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ የዋሹት እነዚህ ናቸው፣ ሁለተኛው እውነት ከሆነ የዋሹት እነዚያ ናቸው፤ ሁለቱን ተጠርጣሪ ወገኖች አንድ ላይ ብናወጣቸው የሚቀሩት ሴንሰሮች ከሁለቱም ታሪኮች ጋር ይስማማሉ። የቀሩት ብቻቸውን ከፍታውን ለይተው የሚናገሩ ከሆኑ ግን ከሁለት የተለያዩ ከፍታዎች ጋር በአንድ ጊዜ ሊስማሙ አይችሉም፤ ስለዚህ ሁለት አሳማኝ ታሪኮች ከመጀመሪያውም ሊኖሩ አይችሉም።

በእርስዎ ጋን ላይ ይህ ማለት ከፍታውን በራሱ የሚናገር ሦስተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከነባሮቹ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን አንመክርም። በጋኑ ሥር የሚገጠም የግፊት መለኪያ ርካሽና ጥሩ ምርጫ ነው፤ አንድ ሜትር ውኃ 9.8 ኪሎ ፓስካል ግፊት ስለሚፈጥር፣ 3.20 ሜትር ወደ 31 ኪሎ ፓስካል፣ 1.80 ሜትር ደግሞ ወደ 18 ኪሎ ፓስካል ያሳያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማንም ሊስተው የማይችል ነው። መለኪያው ውኃ በፍጥነት ከሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ሳይሆን ከጋኑ ግርጌ ላይ ይገጠም። መሰላሉን ወጥቶ በሜትር የሚለካው ሠራተኛም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሙሉ ሴንሰር ነው፤ በፈረቃ አንድ ጊዜ ቢለካ እንኳ ያ ንባብ በኮምፒዩተር በኩል ስለማያልፍ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የፊዚክስ መምህር ነኝ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጉዳይ ከአንድ ሴንሰር ጋር የተያያዘ እንደነበር አንብቤአለሁ። አውሮፕላኑ ሦስት ሴንሰር ኖሮት በአብላጫ ድምፅ ቢወስን ኖሮ ችግሩ አይደርስም ነበር ማለት ይቻላል?

መልስ፦ የ157 ሰዎች ሕይወት ያለፈበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ጥቃት አልነበረም። ሆኖም ግምት የሚያሰላው ሥርዓት ንባቡ የተዛባው በብልሽት ይሁን በተንኮል ለይቶ አያውቅም፤ ለክፉ አጥቂ የሚበቃ ጥበቃ ለብልሽትም ስለሚበቃ ጥያቄዎ በቦታው ነው።

ቦይንግ 737 ማክስ የአውሮፕላኑ ክንፍ ከሚመጣው አየር ጋር የሚፈጥረውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች በአፍንጫው ግራና ቀኝ ነበሩት። የመጀመሪያ ደረጃው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ አውሮፕላኑ ከተነሣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የግራው ንባብ አንድ ሰከንድ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ወደ 74.5 ዲግሪ ሲያሻቅብ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ሌላው እዚያው እያለ አልተጠየቀም። ከዚያ በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ሥርዓቱ ሁለቱን እንዲያነጻጽርና ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራውን እንዲያቆም ተደርጓል። ቀደም ሲል እንዳልነው፣ ሁለት ሴንሰር ውሸት መኖሩን እንጂ ውሸታሙን ስለማይናገር፣ ማድረግ የሚቻለው ማቆም ነው። ማቆም ብቻውን በቂ ሊሆን በሚችልበት ስፍራ ይህንኑ አለማድረግ ከባድ ጥፋት መሆኑን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል።

ሦስት ሴንሰርና አብላጫ ድምፅን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 2014 ከስፔኗ ቢልባኦ ወደ ሙኒክ ይበር በነበረ የሉፍታንዛ ኤርባስ 321 ላይ ከሦስቱ የአንግል ሴንሰሮች ሁለቱ በበረራው መካከል ባሉበት ቆመው ቀሩ። ሁለቱ ስለተስማሙ ኮምፒዩተሮቹ በትክክል ይሠራ የነበረውን ሦስተኛውን ጣሉት። አውሮፕላኑ በ31,000 ጫማ ገደማ ላይ ሳለ በራሱ አፍንጫውን ደፍቶ ወደ 4,000 ጫማ ያህል ወረደ፤ አብራሪዎቹ በኋላ ተቆጣጠሩት፣ ጉዳት የደረሰበት ሰውም አልነበረም። ሦስት ሴንሰር የሚችለው አንድ ውሸት ብቻ ነው፤ ሁለት ሲዋሹ አብላጫ ድምፅ እውነትን ይቀብራል።

ከዚህ ክስተት ለፊዚክስ መምህር የሚጠቅም ነገር አለ። የአንግል ሴንሰር ንባብ ከአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ ከከፍታውና ከዘንበል ማለቱ ጋር በእንቅስቃሴ ሕግ የተሣሠረ ነው። ሁሉም በሚለዋወጡበት ጊዜ ደርቆ የቆመ ንባብ፣ ጎረቤቱ ቢስማማለትም፣ ከሕጉ ጋር ይጋጫል። ድምፅ ቆጠራ የአንዲትን ቅጽበት ንባቦች ብቻ ያነጻጽራል፤ ጥቃት የማይበግረው የሁኔታ ግምት ግን የብዙ ቅጽበቶችን ንባቦች ሰብስቦ፣ ይህን ሁሉ ሊያስከትል የሚችል አንድ እንቅስቃሴ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለተማሪዎችዎ ልዩነቱን ለማሳየት ከላይ የተጠቀሰውን ጋን በሰሌዳ ላይ ሥሎ ከሰዓት ሰዓት ማስላት በቂ ነው።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ከሴንሰር ወደ መቆጣጠሪያ የሚሄደው መረጃ በምስጢር ቁልፍ ከተመሠጠረ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ምስጠራ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ አይሥሩ። ነገር ግን ምስጠራ የሚጠብቀው ቁጥሩ ከሴንሰሩ ከወጣ በኋላ ያለውን መንገድ ነው። በቴርሞሜትር ጎን ማሞቂያ ያስቀመጠ ሰው፣ ወይም የመኪና ጎማ ፍጥነት በሚለካው የማግኔት ሴንሰር አጠገብ ሌላ ማግኔታዊ መስክ የፈጠረ ሰው ምንም ቁልፍ መስበር አያስፈልገውም፤ ሐሰተኛው ቁጥር በሥርዓት ተመስጥሮና ተፈርሞ ይደርስዎታል። የጎማው ሴንሰር በዚህ መንገድ ሊታለል እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል።

ሌላው ችግር መቆጣጠሪያው ራሱ ሲያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘውና የኢራንን የናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያ ዒላማ ያደረገው ስታክስኔት የተባለው ጎጂ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሣሪያዎቹን ከማበላሸቱ በፊት ጤናማ የነበረውን የሴንሰር ንባብ ለ21 ሰከንድ ቀድቶ፣ ጉዳቱ በሚደርስበት ጊዜ ያንኑ ቅጂ እየደጋገመ ያሳይ ነበር። እንዲህ ያለው ቅጂ የእንቅስቃሴ ሕጉንም አይጥስም፣ ምክንያቱም በአንድ ወቅት እውነት የነበረ ንባብ ነው። ለዚህ የታሰበው መድኃኒት ኢሊን ሞ እና ብሩኖ ሲኖፖሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ነው፤ መቆጣጠሪያው ለፓምፑ ወይም ለሞተሩ በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ እርሱ ብቻ የሚያውቀውን አነስተኛ የዘፈቀደ ለውጥ ይጨምራል፣ ከዚያም የዚያ ለውጥ ፈለግ በሴንሰሩ ንባብ ላይ መታየቱን ይፈትሻል። የትናንት ቅጂ የዛሬውን ፈለግ ሊይዝ አይችልም። ዋጋው ማሽኑ ሁልጊዜ ከተመቻቸው ነጥብ በጥቂቱ ወጣ ብሎ መሥራቱ ነው፤ ይህንንም በነዳጅ ወይም በኤሌክትሪክ ሒሳብ መክፈል ያሻል።

በሙያዎ ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምንፈልገው ግን የገመድ ጉዳይ ነው። ሦስት ሴንሰሮች በአንድ ሳጥን ውስጥ አልፈው በአንድ ሞደም የሚላኩ ከሆነ፣ ሳጥኑን ለያዘ አጥቂ ሦስቱም እንደ አንድ ናቸው። ስለዚህ የሴንሰር ብዛት ሲቆጠር መቆጠር ያለበት በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ሳይሆን አጥቂው ለየብቻ ሊሰብራቸው የሚገደዳቸው መንገዶች ናቸው። ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ተከላዎች በዚህ አቆጣጠር ሲታዩ አንድ ሴንሰር ብቻ ያላቸው ሆነው መገኘታቸው ያሳዝነናል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ርዕስ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ፤ ይሁንና የትኞቹ ሴንሰሮች እንደዋሹ መፈለግ ሴንሰሩ በበዛ ቁጥር የማይቻል ስሌት ይሆናል ይባላል። በጣና ላይ ባተኩርስ?

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። ከ60 ሴንሰሮች መካከል 10ሩ ተይዘዋል ቢባል ተጠርጣሪ ሊሆኑ የሚችሉት ስብስቦች ከ75 ቢሊዮን ይበልጣሉ፤ አንዱን በአንድ ሺኛ ሰከንድ ቢፈትሹ እንኳ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። በጠቅላላው ሲታይ ፈጣን መፍትሔ እንዳለው አይታወቅም። ተመራማሪው ያሲር ሹክሪና ባልደረቦቹ የተከተሉት መንገድ አንድ የሎጂክ ፈቺ፣ ማለትም የተሰጡትን ቅድመ ሁኔታዎች ሁሉ የሚያሟላ ምርጫ የሚፈልግ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ተጠርጣሪዎችን እንዲገምት፣ ሌላ ስሌት ደግሞ ግምቱን እንዲፈትሽና ሲወድቅ እርስ በርሳቸው የሚጋጩትን ጥቂት ሴንሰሮች ለይቶ እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ አንድ እንዲህ ያለ ግጭት በተገኘ ቁጥር ሚሊዮኖች ስብስቦች ሳይፈተሹ ይወድቃሉ። እያንዳንዱ ሴንሰር ብቻውን ሙሉውን ሁኔታ ሊናገር በሚችልበት ሥርዓት ላይ ደግሞ ችግሩ ከነአካቴው ይቀልላል፤ ለየሴንሰሩ የየራሱን ግምት አስልቶ በመጠን ቅደም ተከተል የመካከለኛውን መውሰድ ይበቃል። ጽሑፍዎን ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው።

ጣናን መምረጥዎን እንደግፋለን፣ አስቸጋሪነቱም ትምህርት አለው። የሐይቁ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ውኃው በጨረጨራ ግድብ በኩል ወደ ዓባይ፣ በዋሻው በኩል ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ጣና በለስ ስለሚሄድ፣ የከፍታው ንባብ ለሁለቱም ውሳኔ መነሻ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ነፋስ ውኃውን ወደ አንድ ዳርቻ ስለሚገፋው በባሕር ዳርና በጎርጎራ በኩል የሚነበበው ከፍታ ማንም ሳይዋሽ ሊለያይ ይችላል። በነፋሱ ምክንያት እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያለውን ልዩነት በቸልታ እናልፋለን ብለው ቢወስኑ፣ ለአጥቂው 150 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚደበቅበት ስፍራ ሰጡት ማለት ነው።

ይህን ስፍራ ለማጥበብ አንዱ መንገድ እያንዳንዱን ልዩነት ለብቻው ከመመዘን ይልቅ እያደመሩ መከታተል ነው፤ ኢ. ኤስ. ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ለፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ያቀረበው የድምር ፈተና እዚህም ይሠራል። የነፋስ ግፊት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሚል ድምሩ ብዙ አይርቅም፤ ሆን ብሎ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ውሸት ግን በየቀኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ድምሩን ያሳድገዋል። የነፋስ አቅጣጫ እንደየወቅቱ ስለሚጸና የክረምቱንና የበጋውን መነሻ ለየብቻ መውሰድ ይኖርብዎታል። የዝናቡና የትነቱ መጠን በትክክል ስለማይታወቅ አጥቂውን ጨርሶ ሊያጠፉት አይችሉም፤ ሊያደርጉት የሚችሉት ሳይታወቅ ሊያደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ጉዳት በሜትር ኩብ አስልቶ ማስቀመጥ ነው። አንድ ተጨማሪ መለኪያ በየትኛው ዳርቻ ቢተከል ያ ጉዳት ይበልጥ እንደሚቀንስ ማሳየት ከቻሉ፣ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ውጤት አገኙ ማለት ነው።